የ19 ቡድኖች ዋንጫ በአንድ ሰው ኪስ፦ የስታንፎርድ 20/20 ክሪኬት ውድድር የጉዳይ ጥናት

በካሪቢያን የክሪኬት ታሪክ እንደ ስታንፎርድ 20/20 በአጭር ዕድሜው ብዙ ያስተማረ ውድድር አላውቅም። የተካሄደው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ2006 እና በ2008። በ2009 መጀመሪያ ገንዘቡን ያወጣው ሰው በማጭበርበር ተከሰሰና ውድድሩ ከነስሙ ጠፋ። ስለ ማጭበርበሩ ብዙ ተጽፏል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ውድድሩ ራሱ ነው፤ ምክንያቱም ጥሩ ውድድር ነበር። ጥሩ ሐሳብ በመጥፎ ገንዘብ ሲቆም ምን ይተርፋል፣ ምን ይፈርሳል የሚለውን ለማየት ከዚህ የተሻለ ጉዳይ አይገኝም።

ሰዎችን በስም አልጠራም። ውድድሩ የገንዘብ አውጪውን ስም ስለሚይዝ ማንነቱን መደበቅ ባይቻልም፣ በጽሑፉ ውስጥ «ባለሀብቱ» እያልኩ እሄዳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ዶላሩም የአሜሪካ ነው።

ዳራ

ለክሪኬት እንግዳ ለሆነ አንባቢ ጥቂት ልበል። አንዱ ቡድን ይመታል፣ ሌላው ይወረውራል። የሚመታው ነጥብ ይሰበስባል፤ የሚወረውረው ደግሞ መቺዎቹን አንድ በአንድ ለማስወጣት ይሞክራል። የድሮው ዓይነት ጨዋታ አምስት ቀን ይፈጃል። ኦቨር የሚባለው ስድስት ውርወራ ነውና የኦቨሩ ቁጥር ሲገደብ ጨዋታው ያጥራል፤ 50 ኦቨር አንድ ሙሉ ቀን፣ 20 ኦቨር ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የ20 ኦቨሩ ዓይነት በእንግሊዝ በ2003 ተጀመረ። ሰው ከሥራ ወጥቶ ማታ የሚያየው ስለሆነ ቶሎ ተወደደ።

ዌስት ኢንዲስ የሚባለው ብሔራዊ ቡድን የአንድ አገር አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የካሪቢያን አገሮችና ደሴቶች በጋራ የሚያቋቁሙት ቡድን ነው። ከ1980 እስከ 1995 ድረስ በአምስት ቀኑ ጨዋታ አንድም ተከታታይ ግጥሚያ አልተሸነፈም። በ1995 በገዛ ሜዳው በአውስትራሊያ ከተሸነፈ ወዲህ ግን እያሽቆለቆለ ሄደ።

ከብሔራዊ ቡድኑ በታች ያለው የአገር ውስጥ ውድድር ለረጅም ጊዜ በስድስት ቡድኖች ላይ የቆመ ነበር፤ ባርቤዶስ፣ ጉያና፣ ጃማይካ፣ ትሪኒዳድና ቶቤጎ፣ ሊዋርድ ደሴቶች እና ዊንድዋርድ ደሴቶች። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጥምር ቡድኖች ናቸው። አንቲጓ፣ ሴንት ኪትስ፣ ኔቪስ፣ አንጉዊላ፣ ሞንትሰራትና ሌሎችም በሊዋርድ ሥር፣ ግሬናዳ፣ ሴንት ሉሲያ፣ ዶሚኒካና ሴንት ቪንሰንት በዊንድዋርድ ሥር ይጫወታሉ።

ችግሩ

የገንዘብ እጥረቱ ግልጽ ነው። ቡድኖቹን የሚለያያቸው ባሕር ስለሆነ ለእያንዳንዱ ግጥሚያ አውሮፕላን መሳፈርና ሆቴል መያዝ ያስፈልጋል። የቀጠናው የክሪኬት ቦርድ ይህን ሲከፍል ለሌላ ነገር የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ ክብደት የምሰጠው ለጥምር ቡድኖቹ ጉዳይ ነው። ኔቪስ የ12,000 ሰው ያህል ደሴት ነው። የኔቪስ ልጅ ትልቅ ሜዳ ላይ ለመታየት መጀመሪያ በደሴቱ መመረጥ፣ ከዚያ ከግማሽ ደርዘን ደሴቶች ልጆች ጋር ተፎካክሮ ሊዋርድ ቡድን ውስጥ መግባት አለበት። ከዚያ በፊት የሚያየው የለም። ደሴቱም ቢሆን በራሱ ስም የሚሰለፍ ቡድን ስለሌለው የሚደግፈው ያጣል። «ሊዋርድ ደሴቶች» ብሎ ባንዲራ የለም፤ «ሊዋርድ» ብሎ የሚጮህ ሰውም ያን ያህል አይገኝም። የሜዳዎቹ ወንበር ባዶ መሆን ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው ብዬ አምናለሁ።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ባለሀብቱ ቴክሳስ ተወልዶ አንቲጓ ላይ የከተመ ባንከኛ ነበር። ደሴቷ ላይ ከመንግሥት ቀጥሎ ትልቁ ቀጣሪ እሱ ነበር። ባንክ ነበረው፣ ጋዜጣ ነበረው፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ኩሊጅ በሚባለው ቦታ የራሱን የክሪኬት ሜዳ ከነመብራቱ፣ ከነምግብ ቤቱ ሠርቷል።

ለመጀመሪያው ውድድር ወደ 28 ሚሊዮን ዶላር እንደሚወጣ ተነገረ። የቀድሞ የዌስት ኢንዲስ ዝነኞች በአማካሪ ቦርድነት ተሰባሰቡ። አባቶችና አያቶች ስማቸውን የሚያውቋቸው ሰዎች ስለሆኑ ውድድሩን የሚጠራጠር አንደበት አስቀድሞ ተዘጋ። ለየአገሩ የክሪኬት ማኅበር ለዝግጅት የሚሆን ገንዘብ ከውድድሩ በፊት ተሰጠ። ለአሸናፊው አንድ ሚሊዮን፣ ለሁለተኛው ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ተመደበ።

አደረጃጀቱ ላይ የተወሰኑት ውሳኔዎች ግን ከገንዘቡ በላይ ብልሃት አላቸው። ጨዋታው ሁሉ በአንድ ሜዳ ሆነ፤ ስለዚህ የጉዞው ወጪ ቡድኖቹን ወደ አንቲጓ አምጥቶ በመመለስ ብቻ ተወሰነ። ውድድሩ በጥሎ ማለፍ ሆነ፤ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጥምር ቡድኖቹም ተበተኑ። ኔቪስ ለብቻው፣ ሴንት ኪትስ ለብቻው መጣ፤ እነዚህ ሁለቱ እኮ አንድ አገር ናቸው! እሳተ ገሞራ ዋና ከተማዋን ቀብሮባት ነዋሪዋ ከ5,000 በታች የወረደው ሞንትሰራትም በራሷ ስም ተሰለፈች። በጠቅላላው 19 ቡድን።

የመጀመሪያው ውድድር፣ ሐምሌና ነሐሴ 2006

ውድድሩ ጁላይ 11 ተጀምሮ ኦገስት 13 አለቀ። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ኔቪስና ግሬናዳ ደረሱ። በድሮው አደረጃጀት ሁለቱም በስማቸው የሚሰለፉበት መድረክ አልነበራቸውም።

ኔቪስ ከትሪኒዳድና ቶቤጎ ጋር ባደረገው ግማሽ ፍጻሜ አንድ የ19 ዓመት የትሪኒዳድ ልጅ በ38 ኳስ 83 ነጥብ መታ። ክሪኬት ለማያውቅ ሰው ለማስረዳት፦ አንድ ቡድን በሙሉ 120 ኳስ ነው ያለው፤ በ120 ኳስ 150 ነጥብ ያገኘ ቡድን ደግሞ በዚያን ጊዜ ጥሩ ሠራ ይባላል። ልጁ ከሲሶው ባነሱ ኳሶች የዚያን ከግማሽ በላይ ብቻውን ሰበሰበ። የዚህን ልጅ ነገር ወደኋላ እመለስበታለሁ።

በፍጻሜው ጉያና ትሪኒዳድና ቶቤጎን በአምስት ዊኬት (ማለትም አምስት መቺ ገና ሳይወጣባት) አሸንፋ ሚሊዮኑን ወሰደች። ጨዋታው እስከ መጨረሻው ኦቨር ያልለየለት ነበር። የህንዱ ዝነኛ የ20 ኦቨር ሊግ የተጀመረው በ2008 መሆኑን ስናስብ፣ በካሪቢያን ይህ የታየው ከሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር የአንቲጓና ባርቡዳ መንግሥት ለባለሀብቱ «ሰር» የሚለውን ማዕረግ ሰጠው።

ሁለተኛው ውድድርና የ20 ሚሊዮኑ ሌሊት

በ2007 ውድድሩ አልተካሄደም። በ2008 ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ 24 በ20 ቡድኖች ተደረገ። ኩባም ተጋብዛ ነበር፤ በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት ግን መምጣት አልቻለችም። ፍጻሜው ላይ ትሪኒዳድና ቶቤጎ ጃማይካን በዘጠኝ ዊኬት ረታ። የአንድ ወገን ጨዋታ ነበር፤ ብዙም የሚነገርለት የለም።

ነገሩ መልኩን የቀየረው ከዚህ በኋላ ነው። ጁን 11 ቀን 2008 ባለሀብቱ በሄሊኮፕተር ለንደን ሎርድስ ሜዳ ላይ አረፈ። የእንግሊዝ የክሪኬት ኃላፊዎች በፈገግታ ተቀበሉት። ወዲያው ሃያ ሚሊዮን ዶላር አለበት የተባለ፣ ውስጡ የሚታይ ሣጥን በጋዜጠኞች ፊት ቀረበ፤ የቀድሞ ዝነኞችና ኃላፊዎች ገንዘቡን ከብበው ፎቶ ተነሱ። ስምምነቱ በየዓመቱ ከካሪቢያን የተመረጠ ቡድን ከእንግሊዝ ጋር አንድ ጨዋታ እንዲጫወት፣ ያሸነፈው ሃያውን ሚሊዮን ጠቅልሎ እንዲወስድ ነው። ለአምስት ዓመት።

ጨዋታው ገና ሳይደርስ ክርክር ተነሳ። የዌስት ኢንዲስ ቦርድ ዋና ስፖንሰር የሆነው የስልክ ኩባንያ «ይህ ቡድን በሌላ ስም ይጠራ እንጂ ዌስት ኢንዲስ ነው፤ መብቱም የኔ ነው» አለ። ጉዳዩ ለንደን ድረስ ሄዶ ጨዋታው ሊቀር ይችላል እስከመባል ደረሰ፤ በመጨረሻው ሰዓት በስምምነት ተፈታ።

ኖቬምበር 1 ቀን እንግሊዝ 99 ነጥብ ላይ ሁሉም መቺዎቿ ወጡ። የካሪቢያኑ ቡድን አንድም ሰው ሳይወጣበት በ12.4 ኦቨር ጨረሰው። የተጫወቱት አሥራ አንዱ ልጆች እያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን ዶላር አገኙ። አንድ ሚሊዮን ለተጠባባቂዎቹ፣ አንድ ሚሊዮን ለአሰልጣኞቹ፣ የቀረው ሰባት ሚሊዮን ለሁለቱ ቦርዶች እኩል ተከፈለ። እንደ ጨዋታ ግን ደካማ ነበር። ሜዳው ኳስ የሚያዘገይ፣ መብራቱ ዝቅ ያለ ስለነበር ተጫዋቾቹ ከፍ ብሎ የሚመጣ ኳስ እንደሚጠፋባቸው ይናገሩ ነበር። በዚያ ላይ ባለሀብቱ በተመልካቹ መሀል እየዞረ ካሜራውን ወደ ራሱ ሳበ፤ ከጥቂት ቀናት በፊት በተደረገ የመዘጋጃ ጨዋታ ላይም የአንድ እንግሊዛዊ ተጫዋችን ሚስት ጭኑ ላይ አስቀምጦ መታየቱ ከጨዋታው በላይ ዜና ሆነ።

ውድቀቱ

በዲሴምበር 2008 የዝነኞቹ አማካሪ ቦርድ ተበተነ፣ አንቲጓ የነበረው የክሪኬት ቢሮም ተዘጋ። ይህ ከክሱ ሁለት ወር በፊት ነው። ምልክት ለሚያይ ሰው ምልክት ነበር።

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2009 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ክስ መሠረተ። አንቲጓ ላይ የተመዘገበው ባንኩ ከአሜሪካ ባንኮች የበለጠ ወለድ እየሰጠ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ይሰበስብ ነበር። ትርፉ እውነተኛ አልነበረም፤ ለቆዩት የሚከፈለው ከአዲስ ገንዘብ አስቀማጮች በሚመጣ ገንዘብ ነው። ችሎቱ ላይ የተነሳው መጠን ሰባት ቢሊዮን ዶላር ያህል ነው። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ የላቲን አሜሪካና የደቡባዊ ዩናይትድ ስቴትስ ግዛቶች ጡረተኞችና ቆጣቢዎች ናቸው።

የሚገርመው አጋጣሚ በዚያው ሳምንት የእንግሊዝ ቡድን አንቲጓ ላይ ከዌስት ኢንዲስ ጋር የአምስት ቀን ጨዋታ ላይ መሆኑ ነው። በአንድ ከተማ በአንድ በኩል ጨዋታ፣ በሌላ በኩል ከባለሀብቱ የአገር ውስጥ ባንክ ገንዘባቸውን ለማውጣት ፀሐይ ላይ የተሰለፉ ሰዎች። ፌብሩዋሪ 20 የምሥራቅ ካሪቢያን ማዕከላዊ ባንክ ያንን ባንክ ተረከበ። በዚያው ሰሞን የእንግሊዝና የዌስት ኢንዲስ የክሪኬት ቦርዶች ከባለሀብቱ ጋር የነበራቸውን ውል አቋረጡ።

ባለሀብቱ በማርች 2012 ሂዩስተን ላይ ጥፋተኛ ተባለ፤ በጁን 110 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ማዕረጉንም አንቲጓ ነጥቃዋለች። ባንኩን መቆጣጠር ይገባው የነበረው የአንቲጓ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ኃላፊም ጉቦ ወስዶ ሽፋን በመስጠቱ በ2021 አሥር ዓመት ተፈርዶበታል።

ምን ሠራ

ተጫዋቾቹ ላይ የፈሰሰው አልጠፋም። ሌላውን ሁሉ ፍርድ ቤት የሚሾመው ንብረት ተረካቢ ሊወርሰው፣ ፍርድ ቤቱም ሊያግደው ይችላል፤ አንድ ልጅ በመብራት ሥር፣ በተሞላ ሜዳ ላይ መጫወት ከለመደ ግን ያ የሱ ነው።

ማስረጃው ትሪኒዳድና ቶቤጎ ነው። የ2008 አሸናፊ ስለነበር በኦክቶበር 2009 ህንድ ውስጥ በተካሄደው የዓለም ክለቦች ውድድር ላይ ካሪቢያንን ወክሎ ሄደ። የላከው ውድድር በሕይወት አልነበረም፤ ቡድኑ ግን እስከ ፍጻሜው ሳይሸነፍ ተጓዘ። ሃይደራባድ ላይ በአውስትራሊያው ኒው ሳውዝ ዌልስ በ41 ነጥብ ተሸንፎ ሁለተኛ ወጣ። በዚያ ጉዞ ከዚሁ ከኒው ሳውዝ ዌልስ ጋር ባደረጉት የምድብ ጨዋታ በ18 ኳስ 54 መትቶ ያሸነፈላቸው ያ ኔቪስን የቀጠቀጠው ልጅ ነው። በጃንዋሪ 2010 የህንዱ ሊግ ጨረታ ላይ 750,000 ዶላር ተከፈለበት። በማርች 2021 ደግሞ የዌስት ኢንዲስ አምበል ሆኖ በአንድ ኦቨር ስድስቱንም ኳስ ከሜዳ ውጭ ሰደደ፤ ሜዳው ያው ኩሊጅ ነበር።

ሜዳውም ቆሟል። ስሙ ተቀይሮ የቀጠናው የክሪኬት አስተዳደር ይጠቀምበታል፤ የ50 ኦቨሩ የአገር ውስጥ ዋንጫ ጨዋታዎችም ተደርገውበታል።

ምን አልሠራም

የትናንሾቹ ደሴቶች ዕድል አልተረፈም። በ2010 ቦርዱ በራሱ የ20 ኦቨር ውድድር ሲጀምር ተመልሶ ወደ ጥምር ቡድኖቹ ሄደ። ሊዋርድ እንደገና ሊዋርድ ሆነ፣ ሞንትሰራትና ኔቪስም ከሰሌዳው ወጡ። በ2013 የተጀመረው የዛሬው የባለሀብቶች ሊግ ለሴንት ሉሲያ፣ በኋላም ለሴንት ኪትስና ኔቪስ ቡድን ሰጥቷል፤ ለአንጉዊላ ልጅ ግን በራሱ ደሴት ስም የሚጫወትበት እንዲህ ያለ መድረክ አልተመለሰም። ከሁሉ እርምጃ በጣም የወደድኩት፣ ሚሊዮን ሽልማትም የማይጠይቀው ይህ ነበር። በትንሽ ገንዘብ፣ በአንድ ሜዳ፣ በአሥር ቀን ሊደረግ ይችል ነበር። ከባለሀብቱ ስም ጋር ተጣብቆ ስለታየ ከሱ ጋር ተጣለ።

የሽልማቱ መናርም አልሠራም። ከአንድ ሚሊዮን ወደ ሃያ ሚሊዮን ሲኬድ ጨዋታው አልተሻሻለም፤ ባሰበት። በ2006 ለ19 ቡድን የአንድ ወር ጨዋታ የፈጠረ ሐሳብ በ2008 መጨረሻ አንድ ሌሊት ሆኖ ቀረ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው እንዲሉ፣ ሎርድስ ላይ ሣጥኑን ከብበው ፎቶ የተነሱት ሰዎች ይህን ለማስተዋል ጊዜ አልነበራቸውም።

ወደ ሌላ ቦታ የሚወሰዱ ነጥቦች

ሜዳው፣ የውድድሩ ስም፣ የሽልማቱ ገንዘብና ቢሮው የአንድ ሰው ነበሩ። ቦርዱ የሰጠው ፈቃድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰውየው ሲወድቅ ቦርዱ እጅ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም፤ የመርሐ ግብር መብት እንኳ። አንድ ፌዴሬሽን ትልቅ ስፖንሰር ሲመጣለት ውድድሩን በራሱ ስም አስመዝግቦ ስፖንሰሩን በፊት ለፊት ስም ብቻ ማስገባት ይችላል። ያኔ ስፖንሰር ሲሄድ ስም ይቀየራል እንጂ ውድድር አይዘጋም።

ሁለተኛው ነጥብ የክፍያ ጊዜ ነው። ከውድድሩ በፊት ለማኅበራቱ የደረሰው ገንዘብ ሥራውን ሠርቷል። ለአምስት ዓመት ቃል የተገባው ገንዘብ ግን ከአንድ ዓመት አላለፈም። የአምስት ዓመት ቃል ይዞ የአምስት ዓመት በጀት የሚያወጣ አካል ቢያንስ የቀጣዩን ዓመት ክፍያ በገለልተኛ ወገን እጅ በአደራ እንዲቀመጥ መጠየቅ አለበት። ይህን መጠየቅ ስድብ የሚመስለው ስፖንሰር ራሱ መልስ ነው።

ስለ ገንዘቡ ምንጭ ሲነሳ የክሪኬት ሰዎች «እኛ የባንክ መርማሪ አይደለንም» ሲሉ ይሰማል። እውነት አላቸው፤ ተቆጣጣሪው ራሱ ጉቦኛ ሆኖ ሲገኝ የክሪኬት ቦርድ ምን ያውቃል? ያም ሆኖ በቢሊዮን የሚቆጠር ተቀማጭ ያለውን ባንክ ሒሳብ የሚመረምረው ማን ነው ብሎ መጠየቅ የባንክ ዕውቀት አይፈልግም። መልሱ አንቲጓ ላይ ያለ አነስተኛ ቢሮ ነበር።

ከነባር ስፖንሰር ጋር ያለውን ውል አዲሱን ከመፈረም በፊት ማንበብም ያስፈልጋል። የስልክ ኩባንያው ክርክር ቦርዱን በዓመቱ ትልቁ ጨዋታ ዋዜማ ፍርድ ቤት አቆመው። አዲስ ቡድን በአዲስ ስም መፍጠር ከድሮ ውል አያስመልጥም።

የመጨረሻው ነጥብ ብዙም አይነሳም። የባለሀብቱ ንብረት ላይ የተሾመው ተረካቢ ከስፖርት ድርጅቶችና ከፖለቲካ ፓርቲዎች ጭምር የተከፈላቸውን ገንዘብ መልሱ ብሎ ከሷል፤ ገንዘቡ የተጎጂዎች ነው በሚል። አንድ የጎልፍ ቴሌቪዥን ጣቢያ ለማስታወቂያ የተቀበለውን 5.9 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ በ2015 በይግባኝ ተወስኖበት ነበር። በ2016 የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለሕግ ጥያቄው ሌላ መልስ ስለሰጠ ውሳኔው ተቀለበሰ፤ ጣቢያው በገበያ ዋጋ እውነተኛ የማስታወቂያ አገልግሎት እንደሰጠ ማሳየት ስለቻለ ነው። በቅን ልቦና የተቀበለ ሆኖም ለአምስት ዓመት ያህል ሲሟገት ቆየ። ስለዚህ የስፖንሰር ገንዘብ የሚቀበል ማኅበር በውሉ ላይ በምላሹ የሚሰጠውን አገልግሎት፣ ስንት ሰሌዳ፣ ስንት ደቂቃ ስርጭት፣ በምን ዋጋ እንደሆነ ጭምር ዘርዝሮ ይጻፍ፤ የተላለፈበትንም ማስረጃ ከደረሰኙ ጋር ያስቀምጥ።